የነርስ ተማሪዎች የጤናና የአለባበስ ደንብ፤ ማንን ከምን ይጠብቃል?

የነርስነት ትምህርት በክፍል ውስጥ ብቻ ተጀምሮ የሚያልቅ አይደለም። ተማሪው የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት ከተቀበለ በኋላ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ተልኮ በመምህሩና በነባር ነርሶች ተቆጣጣሪነት ሕሙማንን እየረዳ ሙያውን በእጁ ይለማመዳል። ለዚህ የተግባር ልምምድ ሲሰናዳም በተለምዶ አንድ የደንብ ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቱ ላይ ምን እንደሚለብስ፣ ጸጉሩን እንዴት እንደሚይዝ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚጫማና የጤና ምርመራ ማስረጃ መቼ እንደሚያቀርብ ይዘረዘራል። በግርጌው ደግሞ ደንቡን ያላከበረ ተማሪ ከልምምድ ቦታ እንደሚመለስ ተገልጾ ተማሪው እንዲፈርምበት ይደረጋል።

ይህን የመሰለው ወረቀት የአስተዳደር እንጂ የትምህርት ጉዳይ ሆኖ ስለማይቆጠር ሂስ ሲቀርብበት እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ ተማሪው ስለ ሙያው ጠባይ ከሚያነባቸው የመጀመሪያ ሰነዶች አንዱ እርሱ ነው። በሽታ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ በሽተኛውን ከተማሪው፣ ተማሪውንም ከበሽተኛው እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል በተግባር የሚያስተምረው ይኸው ወረቀት ነው፤ በደንብ ከተጻፈ በደንብ ያስተምራል፣ በግድየለሽነት ከተጻፈም ያሳስታል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም የማስተማሪያ ጽሑፍ ሊመረመር ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ አስተያየት በአጭሩ የሚከተለው ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ደንቦች በዓይን ለሚታየው፣ ማለትም ለልብስ፣ ለጸጉርና ለጫማ፣ ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ። በዓይን ለማይታየው፣ ማለትም ለክትባት፣ ለእጅ ንጽሕናና ከአደጋ በኋላ ለሚደረገው ርዳታ የሚሰጡት ቦታ ግን ጠባብ ነው። ከተማሪው ብዙ ይጠይቃሉ፤ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ለተማሪው ስላለባቸው ግዴታ ግን ዝም ይላሉ። የዚህ ሚዛን መዛባት ዋጋ የሚከፈለው በተማሪውና በበሽተኛው ጤና ነው።

የደንቡ ሁለት ምንጮች

ሚዛኑ ለምን እንደተዛባ ለመረዳት የደንቡን አመጣጥ መመልከት ይጠቅማል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። በዚያ ዘመን ነርስነት በኅብረተሰቡ ዘንድ ክብር ያለው ሥራ አልነበረም። በመሆኑም የሠልጣኟ አለባበስ ጨዋነቷን ለወላጅና ለሕዝብ ማሳያ፣ የሠለጠነችውንም ካልሠለጠነችው መለያ ሆኖ አገለገለ። በየአገሩ የተቋቋሙ የነርስ ትምህርት ቤቶችም ነጩን ልብስ፣ ቆቡንና ሥርዓቱን አብረው ወረሱ። ቆቡ በብዙ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከሥራ ላይ ቀረ፤ በመቅረቱም በሽተኛው የጎደለበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ምንጭ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የተገኘው ትምህርት ነው። በዚያ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው የአዋላጅነት ተማሪዎች ይሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት እናቶች 11.4 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ በሁለተኛው የሞቱት 2.8 በመቶ ያህል ነበሩ። ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሕክምና ተማሪዎቹ ከሬሳ ምርመራ ክፍል ተነሥተው ወደ ምጥ ክፍል እንደሚገቡ አስተዋለ። በ1847 ወላዶችን ከመመርመራቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1848 የአንደኛው ክፍል ሞት ወደ 1.3 በመቶ ወረደ፤ ከሁለተኛውም ክፍል ጋር ተስተካከለ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ ሁለት ቁም ነገር አለው። አንደኛ፣ የበሽታው አመላላሾች ለተግባር ትምህርት የመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ በተንኮል ወይም በስንፍና ሳይሆን ባለማወቅ። ሁለተኛ፣ እናቶቹን ያዳነው ትእዛዝ የተሰጠው ስለ ተማሪዎቹ እጅ ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው የደንብ ወረቀት ከሁለቱም ምንጮች የተቀዳ ነው። ጨዋነትን ከማሳየት የመጣውና ሕይወትን ከማዳን የመጣው በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ዓይነት የትእዛዝ ቃል ተቀላቅለው ስለሚቀርቡ ተማሪው የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ መለየት አይችልም። ጸጉሩን ባለማስያዙና እጁን ሳይታጠብ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ በመሄዱ የሚደርስበት ተግሣጽ እኩል ከሆነ ሁለቱን ጥፋቶች እኩል አድርጎ ቢማር ሊወቀስ አይገባውም።

ስለ አለባበስ

እያንዳንዱን የአለባበስ ትእዛዝ «ማንን ከምን ይጠብቃል?» በሚል ጥያቄ ብንመዝነው አንዳንዱ ይጸናል፣ አንዳንዱ ይወድቃል።

ከሚጸኑት መካከል የእጅጌና የእጅ ጌጥ ጉዳይ ይገኛል። እጅጌው እስከ አንጓ የወረደ ጋዋን የለበሰ፣ ቀለበት፣ አምባርና የእጅ ሰዓት ያደረገ ሰው አንጓውን በሚገባ ሊታጠብ አይችልም። የብሪታንያ የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የሥራ ልብስ መመሪያ ሠራተኞች በሽተኛን ሲረዱ ከክርን በታች ምንም እንዳያደርጉ ያመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። ነርሶች ሰዓታቸውን በደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትም እጃቸው ነጻ ሆኖ የልብ ትርታ መቁጠር እንዲችሉ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በብዙ ቦታ የሐኪምና የመምህር ክብር ምልክት ሆኖ የሚታየው ረጅም እጅጌ ያለው ነጭ ጋዋን ነው። ተማሪውን እጅጌህን ሰብስብ የሚለው መምህር ራሱ እስከ አንጓው ተሸፍኖ ቢቆም ከትእዛዙ ይልቅ ምሳሌው ይማርካል።

የጥፍር ጉዳይም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ የተፈጥሮ ጥፍር ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሰው ሠራሽ ጥፍርም በሽተኛን በሚነካ ሰው እጅ ላይ ከቶ እንዳይኖር ይመክራል። ምክሩ ለመልክ የተሰጠ አይደለም። በአሜሪካ በኦክላሆማ ከተማ በሚገኝ አንድ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ሱዶሞናስ የተባለ ተሕዋስ ተዛምቶ 46 ሕፃናት ሲያገኛቸው ከእነርሱ 16ቱ ሞተዋል። ምርመራው ሥርጭቱን ከሁለት ነርሶች ጋር አያያዘው፤ አንዷ ረጅም የተፈጥሮ ጥፍር፣ ሌላዋ ረጅም ሰው ሠራሽ ጥፍር ነበራቸው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ጥፍሩን ለመቁረጥ ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም። ወረቀቱ ግን «ጥፍርን ማሳደግና መቀባት ክልክል ነው» ብሎ ብቻ ስለሚያልፍ ክልከላው ከከንፈር ቀለምና ከጸጉር አሠራር ጋር ተደምሮ የመምህራን የግል ምርጫ ይመስለዋል።

ፊቱ የተሸፈነ ጫማ መርፌ ሲወድቅና ደም ሲፈስስ እግርን ይከላከላል፤ ስለዚህ ነጠላ ጫማ መከልከሉ ተገቢ ነው። ጫማው ነጭ መሆኑ ግን ማንንም ከምንም አይጠብቅም። ጸጉር ወደ ቁስል ወይም ወደ ተዘጋጀ መሣሪያ እንዳይወርድ መያዝ አለበት፤ ይህም ለሴትም ለወንድም እኩል የሚጸና እንጂ ሴቶችን ብቻ የሚመለከት ትእዛዝ አይደለም። ተንጠልጥሎ በበሽተኛው ላይ የሚያርፍ ነጠላ ሊቀር ይገባል። በአንገት ያለ ማተብና መስቀል ግን ከልብስ ሥር ከገባ በቂ ነው። የራስ መሸፈኛ ሻሽ ወይም ሒጃብ ንጹሕ ከሆነና ጫፉ ከጋዋኑ ውስጥ ከተሰበሰበ ክንድን የሚያደናቅፍበት ምክንያት የለም። ክንዷን መሸፈን ለምትሻ ተማሪም መፍትሔ አይታጣም። ብሪታንያ መመሪያዋን እ.ኤ.አ. በ2010 ስታሻሽል በሃይማኖት ምክንያት ክንዳቸውን የሚሸፍኑ ሠራተኞች እጅ ሲታጠቡ የሚሰበሰብ እጅጌ ወይም አንዴ ተለብሶ የሚጣል የክንድ መሸፈኛ እንዲጠቀሙ ፈቅዳለች። ከዚህ እንደምንረዳው የትእዛዙ ምክንያት በግልጽ ከታወቀ እምነትንና ንጽሕናን ማስታረቅ ይቻላል፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ግን የሚቀረው ክርክር ብቻ ነው።

ስለ ጋዋኑ ንጽሕና የሚሰጠው ትእዛዝ ደግሞ ሌላ ችግር ያሳያል። «ተማሪው በየቀኑ ንጹሕ ጋዋን ለብሶ ይገኛል» ይባላል። ጋዋኑን በራሱ ገንዘብ የሚገዛና አንድ ብቻ ያለው ተማሪ ማታ አጥቦ ካልደረቀለት ሁለት ምርጫ አለው፤ ርጥቡን መልበስ ወይም የትናንቱን መድገም። ልብስ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ሲታጠብ አብዛኛውን ተሕዋስ እንደሚለቅ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት መኝታ ቤት ይህን ማድረግ እንዴት ይቻላል? በጋዋን ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ገበያና ወደ ታክሲ መግባት ክልክል ነው ሲባልም ተማሪው የሚለውጥበት ክፍልና ልብሱን የሚያስቀምጥበት ሣጥን መኖሩ አስቀድሞ መረጋገጥ ነበረበት። የደንብ ልብስ በሽታን በማስተላለፍ ረገድ ከፍተኛ አደጋ እንዳለው የሚያረጋግጥ ቁርጥ ያለ ማስረጃ እንደሌለ ያው የ2007ቱ የብሪታንያ መመሪያ ራሱ አምኗል። ይህ ማለት ንጽሕናው ይቅር ማለት አይደለም፤ የሕዝብ አመኔታም ዋጋ አለው። ነገር ግን ሊፈጸም የማይችል ትእዛዝ መስጠት ተማሪው ትእዛዝን ሁሉ እንዲንቅ ያስለምዳል።

ስለ ጤና

በጤና በኩል ወረቀቱ ባብዛኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ጤናማ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ። ማስረጃው በተጻፈበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ይናገር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በሕሙማን መካከል ለሚያሳልፋቸው ወራት ግን ምንም መከላከያ አይሆንም። ከመታመም አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው ምክር ለሌላው የሚሰጠው ነርስ ራሱ ያልተጠነቀቀለት መሆኑ ያሳዝናል።

አንድ ተማሪ በሽተኛ በተወጋበት መርፌ ቢወጋ የሚደርስበት ሥጋት በሚከተለው ሁኔታ ይገመታል። በሽተኛው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ቢሆንና ተማሪው ያልተከተበ ቢሆን በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ለሄፓታይተስ ሲ ወደ 2 በመቶ፣ ለኤች አይ ቪ ደግሞ 0.3 በመቶ ያህል ነው። ከሦስቱ እጅግ የሚበልጠው ሥጋት ሄፓታይተስ ቢ ሲሆን፣ ከሦስቱ ክትባት ያለውም እርሱ ብቻ ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ከመጨረሻው ክትባት አንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ በሚደረግ የደም ምርመራ ሰውነት መከላከያ ማፍራቱ ይረጋገጣል፤ ጥቂት ሰዎች ሳያፈሩ ስለሚቀሩ ምርመራው ትርፍ አይደለም።

ከዚህ ስሌት ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ግልጽ ነገር ይወጣል። ክትባቱ ስድስት ወር የሚፈጅ ከሆነ መጀመር ያለበት ተማሪው ትምህርት ቤት በገባበት ሳምንት እንጂ ወደ ሆስፒታል ሊላክ ሲል አይደለም። በኢትዮጵያ ይህ ክትባት ለሕፃናት ከሚሰጠው መደበኛ ክትባት ጋር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ተማሪዎች በሕፃንነታቸው በዚህ ፕሮግራም አልተከተቡም። ከዚያ ወዲህ የተወለዱትም የነርስነት ትምህርት የሚጀምሩበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል፤ ሆኖም የክትባት ካርዳቸውን ያቆዩ ስንቶች ናቸው? «ተከትበሃል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማስረጃ ከሌለ መከተብ ይሻላል።

ሁለተኛው ሥጋት የሳንባ ነቀርሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ላለው ጊዜ ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ የበሽታው ሸክም ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ተራው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ከለባሹ የሚወጣውን ጠብታ ይገታል እንጂ በአየር የሚንሳፈፈውን የነቀርሳ ተሕዋስ ለባሹ እንዳይስበው በበቂ አይከላከልም። ለዚህ የሚያገለግለው ፊት ላይ ተጣብቆ የሚገጥመው ኤን-95 የተባለው መሸፈኛ ነው። ጢም ካለበት ፊት ጋር በትክክል ስለማይገጥምም በነቀርሳ ክፍል ለሚመደብ ተማሪ ጢምን መላጨት እውነተኛ ምክንያት አለው። በየወረቀቱ «መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ነው» ሲባል የትኛው ለየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚያቀርበው አይገለጽም።

ከዚህም ሌላ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ለነቀርሳ መመርመር እንዳለበት እኛው በክፍል እናስተምራለን። በልምምድ ጊዜ ግን አንድ ቀን የቀረ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል፤ የቀረበትንም ሰዓት በዕረፍቱ እንዲያካክስ ይታዘዛል። ስለዚህ እያሳለ ይመጣል። በጨቅላ ሕፃናት ወይም በኤች አይ ቪ ሕሙማን ክፍል ከተመደበም ጉዳቱ ከእርሱ ያልፋል። የጤናው አንቀጽ ያዘዘውን የመቅረቱ አንቀጽ እያፈረሰው መሆኑን የደንቡ አዘጋጆች ሊያስተውሉት ይገባል።

የጤና ምርመራ ለማግለያ እንዳይውልም ጥንቃቄ ያሻል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ መኖሩ አንድን ሰው ነርስነት እንዳይማር የሚያደርገው አይደለም፤ ለሁሉም ሕሙማን የሚደረገው ጥንቃቄ ከተጠበቀ በሽተኛውም ተማሪውም ይጠበቃሉ። እርግዝናም በሽታ ስላልሆነ ነፍሰ ጡር ተማሪን ከልምምድ ማስወገድ በጤና ስም የሚፈጸም በደል ነው። የሚያስፈልገው ከራጅ ክፍልና ከአንዳንድ መርዛማ መድኃኒቶች ራቅ አድርጎ መመደብ ነው።

ቅጣትና መደበቅ

የወረቀቱ ትልቁ ጉድለት ከተጻፈው ይልቅ ባልተጻፈው ላይ ነው። ተማሪው በመርፌ ቢወጋ ምን ያድርግ? ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ እንዲያጥብ፣ ሳይዘገይ ለተቆጣጣሪው እንዲናገር፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገውም በተቻለ ፍጥነት፣ ከ72 ሰዓት ሳይበልጥ ጀምሮ ለ28 ቀን እንዲወስድ ሊነገረው ይገባ ነበር። ሌሊት ወይም በበዓል ቀን ቢሆንስ መድኃኒቱን ከማን ይጠይቃል? ይህ ሁሉ ሊሰፍርበት በሚገባው ቦታ የምናገኘው «በጥንቃቄ ጉድለት ለሚደርስ አደጋ ተማሪው ኃላፊ ነው» የሚል ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ቃል የሚያስተምረው መደበቅን ነው። በጫማው ቀለም የተባረረ ተማሪ በመርፌ መወጋቱን ለዚያው መምህር አፉን ሞልቶ ይናገራል ብሎ መጠበቅ የሰውን ጠባይ አለማወቅ ይሆናል። ዝም ባለ ቁጥርም 72ቱ ሰዓት ያልቃል። በሕግ በኩልም መጠጊያው ጠባብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተለማማጅነት በስተቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከተፈጻሚነቱ ክልል ውጭ አድርጓል። በዚያው ክፍል፣ በዚያው መርፌ የተወጋች ተቀጣሪ ነርስ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ የምትጠይቅበት ሕግ ሲኖራት አጠገቧ የቆመችው ተማሪ በዚሁ ሕግ ልትጠቀም አትችልም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በትምህርት ቤቱና በሆስፒታሉ መካከል የሚፈረም የጽሑፍ ስምምነት ነው።

የሚቀርቡ መከራከሪያዎች

አንዳንዶች የአለባበስ ሥርዓት ዲሲፕሊንን ያስተምራል፣ ምክንያት መዘርዘርም ትእዛዝን ያላላል ይላሉ። ለሐሳቡ ክብደት መስጠት ይገባል፤ የተስተካከለ አለባበስ በሽተኛውን ያረጋጋል፣ ስምና ማዕረግ የሚያሳይ መለያም በሽተኛው የሚረዳው ተማሪ መሆኑን እንዲያውቅ መብቱን ያስጠብቅለታል። ነገር ግን ነርስ የምትሠራው ብዙ ጊዜ ብቻዋን፣ በሌሊት፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት ነው። በዚያ ሰዓት እጇን የሚያስታጥባት የገባት ምክንያት እንጂ የፈራችው ቅጣት አይደለም። ሌሎች ደግሞ ለክትባትና ለልብስ ማጠቢያ በጀት የለም ይላሉ። በጀት ማነሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ያልተከተቡ ተማሪዎችን ወደ ማዋለጃና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚላኩበትን ጊዜ ማዘግየት የሚጠይቀው የፕሮግራም ለውጥ ብቻ ነው።

ማጠቃለያና አስተያየት

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የነርስ ትምህርት ቤቶች የደንብ ወረቀታቸውን እንደገና ሲያዘጋጁ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያስቡባቸው መልካም ነው።

ሀ/ በእያንዳንዱ ትእዛዝ አንጻር ማንን ከምን እንደሚጠብቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ምክንያት ያልተገኘለት ትእዛዝ ይሰረዝ፤ ለመለያ ወይም ለሥርዓት ብቻ የተሰጠውም ይኸው በግልጽ ይነገር።

ለ/ የእጅ ንጽሕና በዝርዝሩ ራስ ላይ ይቀመጥ፤ ተማሪው ከመላኩ በፊትም በየሕሙማን ክፍሉ ውኃ፣ ሳሙና ወይም የአልኮል ማሻሻ መኖሩን ትምህርት ቤቱ ያረጋግጥ።

ሐ/ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመግቢያው ሳምንት ተጀምሮ የደም መነካካት ካለበት ልምምድ በፊት ይጠናቀቅ።

መ/ በሕመም ለቀረ ተማሪ ነጥብ የማይቀነስበት፣ ትምህርቱም የሚካካስበት ሥርዓት ይበጅ።

ሠ/ በመርፌ ለተወጋ ተማሪ የሚደረገው ርዳታ፣ የኃላፊው ማዕረግና የሚገኝበት ቦታ በወረቀቱ ላይ ይስፈር፤ አደጋን መናገር እንደማያስቀጣም በማያሻማ ቃል ይገለጽ።

ረ/ ወረቀቱ በተማሪው ፊርማ ብቻ አያብቃ፤ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ የገቡት ግዴታ ከሥሩ ተጽፎ እነርሱም ይፈርሙበት።

ከስድስቱ አብዛኞቹ ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቁም። የመጨረሻው በተለይ የሚጠይቀው ቀለምና ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ ተማሪው በሽተኛን ለመጠበቅ ሲፈርም እርሱንም የሚጠብቅ እንዳለ የሚያውቀው በእርሱ ነው። የሚመለከታቸው የትምህርትና የጤና ባለሥልጣኖች ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ተማሪዎች ከመመዝገባቸው በፊት ጉዳዩን በጋራ ቢመለከቱት ለብዙ ወጣቶች ጤና ይበጃል።